ኤሲው አላቀዘቅዝ ሲል ጋዝ ለማስሞላት አትቸኩሉ
ባሕር ዳሮች፣ የሚያዝያ ሙቀት መጥቶ ኤሲያችሁ ዝም ብሎ ነፋስ ብቻ የሚነፋ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ የፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ማጣሪያውን አውጡት። ብዙ ጊዜ ግራጫ አቧራ ጠቅጥቆት ታገኙታላችሁ። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ፕላስቲኩ ሊጣመም ይችላል። የውጭውንም ክፍል እዩት፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ፣ ትንኝና የሸረሪት ድር ይደፍነዋል። ጋዝ ደግሞ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም፤ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው፣ ስለዚህ ባለሙያው የሚያፈሰውን ቦታ ሳይፈልግ "ልሙላው" ካላችሁ እሺ እንዳትሉ። ማታ ማታማ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ የትንኝ ወንፊት ካላችሁ ኤሲውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ።