አምራቹ የተወውን የቤት ካሜራ እንዴት ለይቶ ማስወገድ ይቻላል?

አምራቹ ድጋፉን ያቋረጠው፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመለት ካሜራ መሥራቱን አያቆምም። ምስሉ ይመጣል፣ ስልክ ላይም ማሳወቂያ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ለምሳሌ ኢዲማክስ አይሲ-7100 የተባለውን ካሜራ ሰርጎ ገቦች ከፋብሪካ አብሮት በሚመጣው «1234» የይለፍ ቃል እየገቡ ሚራይ የተባለውን ቫይረስ ሲጭኑበት በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ኩባንያው ግን ካሜራው ከገበያ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነው ማስተካከያ አላወጣለትም።

1. ሞዴሉን እወቁ። ቁጥሩ ከካሜራው ሥር ወይም ከጀርባው ተለጥፏል። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ «ኢንድ ኦፍ ላይፍ» (ድጋፉ አብቅቷል ማለት ነው) ከሚለው ሐረግ ጋር ፈልጉት። የስልካችሁ አፕ መታደሱ አያዘናጋችሁ፤ አፑ ሌላ፣ ካሜራውን ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ፈርምዌሩ፣ ሌላ ነው። መታየት ያለበት ፈርምዌሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ቀን ነው።

2. ድጋፉ ካበቃ ከመኝታ ቤትና ከልጆች ክፍል ዛሬውኑ አንሱት። ሌላው እርምጃ ሊቆይ ይችላል፣ ይህ ግን አይቆይም።

3. እስክትቀይሩት ድረስ አጥሩት። ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት የይለፍ ቃል ስጡት። ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግንና ዩፒኤንፒን ዝጉ፤ ካሜራውን ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ የሚያጋልጡት እነሱ ናቸው። ከዚያም ከእንግዳ ዋይፋይ ጋር ብቻ አገናኙት፤ ካሜራው ቢጠለፍ እንኳ ወደ ኮምፒውተራችሁ መሻገር ይከብደዋል።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜያዊ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ብቻውን አያድንም። ዋይዝ ካም ካሜራዎች ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለውን ቪዲዮ ያለ ይለፍ ቃል ለማውጣት የሚያስችል ቀዳዳ ነበረባቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሞዴል ታረሙ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ድጋፉ ያበቃው የመጀመሪያው ሞዴል ግን እንዳለ ቀረ። ኢንተርኔቱን ዘግቶ ካርድ ላይ ብቻ መቅዳት ለአንዳንዱ ካሜራ ይሠራል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሆኖ የወላጆቹን ግቢ ለሚከታተል ሰው ግን ይህ አይሆንም፤ ያለው ምርጫ መቀየር ነው።

4. ስታስወግዱት ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የተቀመጡትን ቪዲዮዎች ደምስሱ፣ ካሜራውንም ከአካውንታችሁ አውጡ። ቀጥሎ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት፤ የዋይፋያችሁ የይለፍ ቃል ውስጡ ተቀምጧልና። ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ አስቀሩት። ለጎረቤት አትስጡ፣ አትሽጡም፤ አደጋውን ወደ ሌላ ሰው ቤት ማስተላለፍ ነው።

5. አዲስ ስትገዙ ከምስሉ ጥራት በፊት ድጋፉ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠይቁ። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጡበትን ዝቅተኛ ጊዜ እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ እንደ «1234» ያለ ለሁሉም አንድ የሆነ የይለፍ ቃልም ተከልክሏል። ከለንደን ካሜራ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን አይቶ ይግዛላችሁ።