የስኪ ባይንዲንግ ችግርና መፍትሄ፦ ዲኑን ከመጨመራችሁ በፊት

ሶሉ ላይ የተጣበቀውን በረዶ አራግፉ፣ የተረከዙን ማንሻ ክፈቱ፣ ከዚያ ርገጡ። ይህን እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምጀምረው።

በስሞቹ ላይ ብቻ እንግባባ። ባይንዲንግ ማለት ጫማውን ከበረዶ መንሸራተቻው ከስኪው ጋር የሚያያዘው መሣሪያ ነው፤ የፊት ክፍልና የተረከዝ ክፍል አለው። የፊቱ እግር ሲጠመዘዝ ወደ ጎን ይለቃል። የተረከዙ ሰውየው ወደፊት ሲደፋ ወደ ላይ ይለቃል። ሁለቱም ውስጥ ሞላ አለ። ሞላው ምን ያህል እንደጠበቀ በትንሿ መስኮት የሚታየው ቁጥር ዲን ይባላል።

ስኪው ያለምክንያት ይወልቃል

የሚመጣልኝ ቅሬታ አብዛኛው ይኸው ነው። ሰውየው አልወደቀም፤ ከማንም ጋር አልተጋጨም። ፍጥነት ይዞ እየታጠፈ ሳለ ስኪው ከእግሩ ወልቆ ይቀራል። ቀጥሎ ያደረገውን ሳልጠይቀው አውቀዋለሁ። ካቻቪቴ ተውሶ ዲኑን አጥብቋል። 7 የነበረው 8 ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 9። ስኪው አሁንም ይወልቃል። ልዩነቱ፣ አሁን በዝግታ ተጠማዝዞ ሲወድቅ መልቀቅ የሚገባው ስኪ አለመልቀቁ ነው።

ዲን የሚወስነው ሞላው ስንት ጉልበት ሲመጣበት እንደሚለቅ ነው። ጫማው በሁለቱ ክፍሎች መካከል በልኩ መያዙን አይወስንም። ያ የፊት ግፊት ሥራ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን ክፍል አንብቡ።

የተረከዙ ክፍል ስኪው ላይ ደርቆ የተቸነከረ አይደለም። ሐዲድ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ወደፊት የሚገፋው ሌላ ሞላም አለው። ጫማው ሲገባ የተረከዙን ክፍል ጥቂት ወደኋላ ይገፋዋል። ሞላው በምላሹ ጫማውን ከፊቱ ክፍል ጋር አጣብቆ ይይዛል። ይህ የሚያስፈልገው ስኪ ስለሚለመጥ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲለመጥ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፤ ሲቃና ይረዝማል። ሞላው አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል። በበቂ ካልተጨመቀ ግን ስኪው ሲቃና የተረከዙ ክፍል ጫማው ላይ አይደርስም። ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት ካለ ዲኑን እስከ ጥግ ብታጠብቁትም ጫማው ይወጣል።

ልኩን ከሚያበላሹት ውስጥ ዋናው አዲስ ጫማ ነው። ሻጩ «ቁጥርህ ያው 26.5 ነው» ይላል። አልዋሸም። ግን 26.5 የእግር ልክ እንጂ የሶል ርዝመት አይደለም። ባይንዲንግ የሚያውቀው የሶሉን ርዝመት ብቻ ነው። እሱም በሚሊሜትር ጫማው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙ ጎን፣ 305 ወይም 311 ተብሎ ተቀርጿል። ሁለት ፋብሪካ የሠራቸው 26.5 ጫማዎች ሶላቸው በበርካታ ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል።

አንድ ጎበዝ ወጣት ዲኑን ከ8 ተነስቶ 11 አድርሶት መጣ። ባይንዲንጉ ፋብሪካ ላይ ተበላሽቶ የወጣ ነው ብሎ ደምድሟል። ጫማውን አስገብቼ ጎንበስ አልኩና የተረከዙን ጀርባ አየሁ። የፊት ግፊቱን የሚያሳየው ጠቋሚ የተፈቀደለት መስመር ድርሽ አላለም። አዲሱ ጫማ ከአሮጌው በ5 ሚሊሜትር ያጥራል። የሸጠለት ሰው አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። የተረከዙን ክፍል ወደፊት አመጣሁ፣ ዲኑን ወደ 8 መለስኩ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልወለቀም።

የኪራይ ስኪ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማንሻውን አንስተህ በቁጥር ወደፊትና ወደኋላ የምታንሸራትተው ዓይነት ባይንዲንግ አለ። በችኮላ ሲዘጋ ማንሻው ጥርሱን ሳይዝ ይቀራል፣ ወይም አንድ ጥርስ ይዘላል። አንዲት ሴት ቀኙ ደህና ሆኖ ግራው ብቻ እየወለቀባት መጣች። «ግራ እግሬ ደካማ ነው» ብላ ራሷን አሳምናለች! እግሯ ምንም አልሆነም። የግራው ስኪ የተረከዝ ክፍል ከቀኙ አንድ ጥርስ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ስኪ ስትከራዩ የሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስተያዩ። ቁጥሩ ደግሞ ለግምት ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ጠቋሚው ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባዶውን ጫማ አስገቡ። ተረከዙን በእጃችሁ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት፣ ሞላው ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ጠቋሚውን እዩ። በአንዳንዱ ባይንዲንግ የብሎኑ ራስ ከቤቱ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። በሌላው ትንሽ ምላስ በሁለት መስመሮች መካከል ትቆማለች። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ፤ በግምት አትሥሩ። ካልደረሰ ጫማውን አውጡ፣ ማስተካከያውን ትንሽ አዙሩ፣ ጫማውን መልሱ፣ እንደገና እዩ። ጫማው ውስጥ እንዳለ እያዞራችሁ የምታነቡት ንባብ ያታልላል። ግራና ቀኝ ጫማችሁን በየራሱ ስኪ ላይ ለኩ። አንዱን ለክቶ ሌላውን «ያው ነው» ብሎ ማለፍ እኔ ጋ የሚመልሳችሁ ነገር ነው።

ማብዛትም ያው ጥፋት ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሞላው ከመጀመሪያው ጥርቅም ብሎ ከተጨመቀ ስኪው ሲለመጥ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ጫማው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ይቀረቀራል፤ እግር ሲጠመዘዝ የፊቱ ክፍል በተጻፈው ዲን አይለቅም። «ጠበቅ ሲል ደስ ይለኛል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ደስ የሚላቸው እስኪወድቁ ነው።

የፊት ግፊቱ ልክ ሆኖም ከወለቀ ሶሉን አገላብጡ። ለአዋቂ የአልፓይን (የቁልቁል መንሸራተቻ) ጫማ አይኤስኦ 5355 የሚባለው ደረጃ ጣት በኩል ያለውን የሶል ጫፍ ውፍረት 19 ሚሊሜትር፣ ተረከዝ በኩል ያለውን 30 ሚሊሜትር ያደርገዋል። የሚፈቀደው ልዩነት 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በስኪ ጫማ አስፋልት ላይ የሚንሸራሸር ሰው ይህን አንድ ሚሊሜትር ቶሎ ይበላዋል። ጣት በኩል ያለው ጠርዝ ክብ ይሆናል፤ የፊቱ ክፍል የሚይዘው ነገር ያጣል። በካሊፐር ለኩ። ሶሉ በብሎን የሚፈታ ከሆነ ቀይሩት፤ ካልሆነ ጫማውን ቀይሩ። በኮላ ሞልቶ በሞረድ ያስተካከለውን ጫማ ይዞልኝ የመጣ አለ። አልነካሁለትም።

መልቀቅ ሲገባው አይለቅም

መጀመሪያ ዲኑን እዩ፣ ቀጥሎ ዲኑን ያወጣችሁበትን መረጃ። ሠንጠረዡ የሚጠይቀው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የሶል ርዝመትና የአነዳድ ዓይነት ነው። የአነዳድ ዓይነቱ 3 ደረጃ አለው፤ 1 ጥንቁቅ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ፈጣንና ኃይለኛ። ሁለት ጊዜ ስኪ ላይ የወጣው ሁሉ 3 ነኝ ይላል። ክብደቱን ደግሞ የዛሬ ስንት ዓመት የነበረውን ይነግራችኋል። ዕድሜው 50 የሞላ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ 49 ነኝ ብሎ የሚያታልለው አጥንቱን ነው።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ከጫማው ጣት ስር ያለችውን ተንሸራታች ሳህን እዩ። እግር ሲጠመዘዝ ጫማው የሚንሸራተተው በእሷ ላይ ነው። ከተፈገፈገች፣ ከተሰነጠቀች ወይም አሸዋ ከያዘች ጫማው ይነክሳታል፤ ዲኑ 6 ቢልም የሚያስፈልገው ጉልበት ከዚያ ይበልጣል። ከፍታዋ የሚስተካከል ባይንዲንግ ከሆነ በሶሉና በሳህኗ መካከል አንድ ወረቀት አስገብታችሁ ሳቡ። ሳይቀደድ፣ ግን እየያዘ መውጣት አለበት። ምንም ሳይይዘው ከወጣ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ከተቀደደ ጠቧል።

ሌላው ግራሶው ነው። ስኪ መኪና ጣሪያ ላይ ሳይሸፈን ሲጓዝ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው የሞላው ቤት ድረስ ይገባል። ከዚያ ባለቤቱ «ላጥበው» ብሎ በግፊት ውኃ ያጥበዋል። እባካችሁ ተዉ! የግፊት ውኃ፣ ቤንዚንና ዝገት ማስለቀቂያ ርጭት ግራሶውን ጠርገው ያወጡታል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ደግሞ አትሳሳቱ፤ ባይንዲንግ በዋናነት የሚያተርፈው የቅልጥም አጥንትን ነው። ሁሉም ነገር በልኩ ሆኖም የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል።

ጫማው አልገባ ይላል፣ ወይም ገብቶ ይወዛወዛል

ጫማውና ባይንዲንጉ አይተዋወቁም። ግሪፕዎክ የሚባለው ሶል ለእግር ጉዞ እንዲመች ጎማ ያለውና ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ደረጃውም አይኤስኦ 23223 ነው። ተራራ ለመውጣት የተሠራው የቱሪንግ ጫማ ሌላ ነው፤ አይኤስኦ 9523። የድሮ የአልፓይን ባይንዲንግ ሁለቱንም አይቀበልም። ባይንዲንጉ ላይ ግሪፕዎክ የሚል ምልክት ፈልጉ። ለቱሪንግ ሶል ደግሞ ኤምኤንሲ ወይም ሶል አይዲ የሚል ምልክት ያላቸው ባይንዲንጎች የተንሸራታቿን ሳህን ከፍታ በማስተካከል ይቀበላሉ። «ቀጭ ብሎ ገብቷል» ማለት ይለቃል ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ገብቶ የማይወጣ ጫማ ብዙ አይቻለሁ።

ባይንዲንጉ ራሱ ከስኪው ይነቃነቃል

የፊቱን ክፍል ጨብጣችሁ ወዘወዙት። በታችኛው ሳህንና በስኪው ፊት መካከል መስመር ከታየ ብሎኑ ላልቷል። ጥብቅ አድርጎ ማዞር አይበቃም። ለምን ላላ?

ብዙ ጊዜ የገጠመው ሰው ቸኩሏል። ብሎኑ ፖዚድሪቭ 3 ካቻቪቴ ነው የሚፈልገው። ተራው ባለመስቀል ካቻቪቴ የሚገባ ይመስላል፤ ግን እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። በኤሌክትሪክ ድሪል የሚያጠብቁም አሉ። እንጨቱ ውስጥ የተቆረጠውን ጥርስ በአንድ አፍታ ላጭተው ይሄዳሉ።

ፑንታ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ውስጡ የብረት ሉህ የሌለው ስኪ በ3.5 ሚሊሜትር ፑንታ ይበሳል። ሉህ ያለው በ4.1፣ እሱም በጥርስ ማውጫ ይከተላል። ለአዋቂ ስኪ ጥልቀቱ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። የልጆች ስኪ ቀጭን ስለሆነ 7 ይበቃዋል። ስኪው ፊት ላይ የሚያስፈልገው ልክ ተጽፎ ስለሚገኝ መጀመሪያ አንብቡ። ማቆሚያ የሌለው ፑንታ አትጠቀሙ። የፑንታው ጫፍ በስኪው ሆድ በኩል ብቅ ብሎ ሲያዩት የሚመጣውን ዝምታ አውቀዋለሁ።

የቀዳዳውን አፍ በትንሹ ሰፋ አድርጉት። ካልሆነ ብሎኑ ሲገባ የስኪው ፊት ጉብ ይልና ባይንዲንጉ ለጥ ብሎ አይቀመጥም። ኮላ አድርጉ። የሚያጣብቀው ብቻ አይደለም፤ ውኃ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ይዘጋል። ብሎኖቹን በእጅ፣ በተራ በተራ፣ በአግድም እየተሻገራችሁ አጥብቁ።

ጥርሱ ያለቀ ቀዳዳ በብረት ሱፍና በኢፖክሲ ይድናል። እንጨቱ ከበሰበሰ አይድንም። በኢፖክሲ የተያዘ ብሎን አልወጣ ካለ ራሱን በብየዳ ካውያ አሙቁት፤ ይለሰልሳል። አዲስ ቀዳዳ የምትበሱ ከሆነ ከአሮጌው ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ፤ አሮጌውንም ድፈኑት።

ጫማው የት ላይ ይቀመጥ ለሚለው፣ ሶሉ መሃል ላይ ያለችው መስመር ስኪው ላይ ካለችው ምልክት ጋር ትገጥማለች። ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ፍሬኑ በረዶ ይጎትታል፣ ወይም አይወርድም

ገና ስትገዙ ነው የተበላሸው። የፍሬኑ፣ ማለትም የወለቀውን ስኪ የሚያቆሙት ክንዶች፣ ስፋት ከስኪው ወገብ ጋር እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊሜትር የሚበልጥ ይሁን። ከጠበበ ክንዱ የስኪው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የወለቀው ስኪ ቁልቁል ሰው ላይ ይሄዳል። ከሰፋ ስትታጠፉ በረዶ ይነካል። በመዶሻ ማጣመም መፍትሄ አይደለም፤ በብዙ ባይንዲንጎች ፍሬኑ ብቻውን ይቀየራል።

ስትገዙ ሌላም ነገር እዩ። የእናንተ ዲን በባይንዲንጉ መጠን መሃል አካባቢ ይውደቅ። ዲናችሁ 6 ከሆነ ከ3 እስከ 10 ያለው ይበቃችኋል። የጓደኛችሁን አይታችሁ ትልቁን አትግዙ፤ የሞላው የታችኛው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቀራላችሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፕላስቲኩ ከፀሐይ ብዛት ተሰንጥቋል፦ ጣሉት። የተረከዙ ማንሻ ተዘግቶ አልከፈት አለ፦ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የተጠራቀመ በረዶ ነው፤ ቤት አስገብታችሁ ይቅለጥ። የዲኑ ብሎን ይዞራል ቁጥሩ ግን አይንቀሳቀስም፦ ውስጡ ተሰብሯል፤ አትክፈቱት፣ ሞላው በኃይል ይወጣል። ግራና ቀኙ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ አለቃቀቃቸው ይለያያል፦ የመልቀቂያ ጉልበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሠራተኛ ጋ ውሰዱ፤ በእጅ ስሜት አይታወቅም። ሠራተኛው «ይህን ባይንዲንግ አልነካም» ካለ አትጨቃጨቁ። ፋብሪካዎች ኃላፊነት የሚወስዱላቸውን ባይንዲንጎች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣሉ፤ የእናንተ ከዝርዝሩ ወጥቷል ማለት ነው።