ባለጌ ሳይሆኑ ደፋር መሆን እንዴት ይቻላል?

አንድ ሰው ሌላው የፈራውን እውነት ሲናገር "ደፋር ነው" ብለን እናደንቀዋለን። ያው ሰው ታላቁን ሲያቋርጥ ደግሞ "ምን ዓይነት ደፋር ነው!" እንላለን፤ ያኔ ስድብ ነው። ተረታችንም ሁለት ልብ ነው። "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" እንላለን፣ ዞር ብለን ደግሞ "ዝም አይነቅዝም"።

የሌላውም ሕዝብ ቋንቋ እንደዚሁ ነው። የዕብራይስጡ "ኹትስፓ" ሥረ ትርጉሙ ዓይን አውጣነት ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ለሙገሳ ይውላል። የጥንት አቴናውያን "ፓርሬሲያ" የሚሉት ነገር ነበራቸው፣ ሁሉን መናገር ማለት ነው። የዜግነታቸው ኩራት ነበር። ግን አፉን ለማይገታ ለፍላፊም ይኸው ቃል ይነገርለት ነበር። አሪስቶትል ጀግንነትን በፍርሃትና በግዴለሽ ድፍረት መሀል ያስቀመጠው ወዶ አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሥራ ነው። ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቀን ሰብሳቢያችን የጊዜ ሰሌዳ አቀረበ። ለ300 ገጽ እርማት የተያዘው 2 ቀን ነበር። አየሁት። ሰውየው በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በዚያ ላይ ደስ ብሎት እያስረዳ ነው። ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሌሊቶች እኔና ዓይኖቼ እናውቃቸዋለን።

ሥራው ሲያልቅ አንዲት ጃፓናዊት ባልደረባዬን ጠየቅኳት። እሷም አይታ ኖሯል። "ስብሰባ ላይ እንዴት ይነገራል? ቀድሞ ለብቻ ቢያማክረን እኮ እነግረው ነበር" አለችኝ። የኔዘርላንዱ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነ። እሱ ያን ቀን አልነበረም። ለእሱ እያወቁ ዝም ማለት ከመዋሸት አይለይም። ሁሉም ጃፓናዊ ወይም ሁሉም ሆላንዳዊ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስታችንም ግን ለሥራው ተጨንቀን ነበር። የተለያየነው ድፍረት በየትኛው በር ይገባል በሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቦታ ስትገቡ መጀመሪያ በሩን ፈልጉ። ማን ማንን እንደሚያቋርጥ እዩ። አንዱን ጠጋ ብላችሁ "እዚህ ስህተት ሲታይ እንዴት ነው የሚነገረው?" በሉት። ጃፓኖች "ነማዋሺ" የሚሉት አሠራር አላቸው። ቃሉ የመጣው ከአትክልተኝነት ነው፤ ዛፍን ነቅሎ ሌላ ቦታ ከመትከል በፊት ዙሪያውን ቆፍሮ ሥሩን ማዘጋጀት ነው። በሥራ ላይ ሲሆን፣ ከስብሰባው በፊት ሰዎቹን አንድ በአንድ ማናገር ማለት ነው። ይህን ፍርሃት ነው የሚል ሰው ሞክሮ ይየው። ለብቻው የአለቃን በር ማንኳኳት ከስብሰባ ጩኸት የበለጠ ወኔ ይጠይቃል።

ቀጥሎ አረፍተ ነገሩን አዘጋጁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ላለማስቀየም ሲል ሐሳቡን አለስልሶ አለስልሶ ጥያቄ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴነሪፌ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ አንድ አውሮፕላን ለመነሳት መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ "ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። በጣም የተከበረው ዋና አብራሪ "ወጥቷል" አለና ቀጠለ። አልወጣም ነበር። ሁለቱ ተጋጩ፣ 583 ሰው አለቀ። መሐንዲሱ ጠይቋል፤ "አቁም!" ግን አላለም። እሱን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም በ2 ቀን ሰሌዳ ፊት ዝም ያልኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአብራሪዎች በሚሰጠው ሥልጠና የሚነገር አንድ ቅደም ተከተል አለ። ሰውየውን ጥራው፣ ስጋትህን ተናገር፣ ያየኸውን ንገረው፣ መፍትሔ አቅርብ፣ መስማማቱን ጠይቅ። የእኔው ጉዳይ በዚህ ቢነገር ኖሮ፦ "ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ያድምጡኝ። ሰሌዳው አስግቶኛል። ለ300 ገጽ የተያዘው 2 ቀን ነው፣ አይበቃም። 10 ቀን እናድርገው። ይስማማሉ?" ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም።

ከመናገራችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። "ሁልጊዜ እንዲህ ነህ" የሚል ነገር ካለበት አውጡት። እሱ ስለ ሰውየው ነው፣ ስለ ሥራው አይደለም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን በር መፈለጉን ተዉት፤ እዚያው ተናገሩ።

አለቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ "ደፍራችሁ ተናገሩ" ብላችሁ የተናገረውን ሰው አታኩርፉ። አንድ ጊዜ ካኮረፋችሁ በቃ፣ ሁለተኛ ማንም አይነግራችሁም።

በሚቀጥለው ሥራ ሰሌዳው ከስብሰባው በፊት ተላከልን፤ ለእርማቱ የተያዘው ጊዜ አሁንም አጭር ነበር። ማታውኑ ለሰብሳቢው ያችን አምስት አረፍተ ነገር ጻፍኩለት። ከመላኬ በፊት እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ሰንጠረዡ ተስተካክሎ ቀረበ። የኔዘርላንዱ ጓደኛዬ ግን "ለምን እዚያው ስብሰባ ላይ አልተናገርክም?" ብሎ ዛሬም ይጠይቀኛል።