አንድ ወንዝ፣ ብዙ ድርጅት፦ በቦርከና ተፋሰስ ሥራን እንዴት ማቀናጀት ይቻላል?

ደሴ ዙሪያ አንድ ተራራ ላይ በአንድ ክረምት ሦስት ድርጅቶች ችግኝ ሲተክሉ አይቻለሁ። ሦስቱም ባነር ሰቅለዋል፣ ሦስቱም ፎቶ ተነስተዋል፣ አንዱ ምን እንደተከለ ሌላው አያውቅም። ከተራራው ሥር ያለውን ቦረቦር ግን ማንም አልነካውም። በዚያው ክረምት የአንዲት እናት ማሳ ግማሹን ይዞት ሄደ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም፣ ሰውም ሞልቷል። ተነጋግሮ የሚሠራ ነው የጠፋው፣ እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በወረዳ ግብርና፣ በማኅበር፣ በግብረ ሠናይ ድርጅት፣ በፋብሪካ ወይም በሰፈር ቅሬ (ወሎ ላይ እድርን የምንጠራበት ስም ነው) ውስጥ ሆናችሁ «ከየት እንጀምር?» ለምትሉ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስብሰባ አትጥሩ። ወንዙን በእግራችሁ ሂዱበት። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ፣ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ፋብሪካዎቹ ያሉበትን ሰፈር ያቋርጣል፣ ከዚያ ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ወርዶ ጨፋ ረግረግ ላይ ይዘረጋና በመጨረሻ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ደሴ ላይ የወረወርነው ፌስታል ባሕር ገብቶ አይጠፋልንም ማለት ነው።

ጉዞው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይሁን። ዝናቡ ቆሟል፣ ቦረቦሩም ጥርት ብሎ ይታያል። ከየድርጅቱ አንድ ሰው፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ቦታውን የሚያውቁ አንድ ሁለት ገበሬዎች ይበቃሉ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። በበጋ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ከብቱን ይዞ ሳርና ውሃ ፍለጋ ጨፋ ላይ ይገናኛል። ላይኛው ሰው የሚያየው የራሱን ተራራ ነው፣ ታች ያለው ግን የሁላችንን ሥራ ውጤት ከነከብቱ ይጠጣል። ውሃው መቼ እንደሚደፈርስ፣ መቼ እንደሚሸት፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ እሱን ጠይቁት። ቦረቦሩን፣ ፍሳሽ የሚገባበትን፣ የመስኖ መጥለፊያውን፣ ችግኝ ጣቢያውን በስልካችሁ ቦታውን እየያዛችሁ መዝግቡ።

ሲመለሱ አንድ ካርታና አንድ ሠንጠረዥ ይሠራል። ማን፣ የት ቀበሌና ጎጥ፣ ምን፣ ከመቼ እስከ መቼ። በፕሮጀክት ስም አትጻፉት፣ በጎጥ ስም ጻፉት። ሦስት ድርጅት አንድ ጎጥ ላይ ተደራርቦ፣ ቀጥሎ ያለው ጎጥ ባዶ ሆኖ ወዲያው ይታያችኋል። ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከተቀበረ ማንም አያየውም።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ የጊዜ ሰሌዳ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ከውጭ ለጋሽ የሚያገኙ ብዙ ድርጅቶች ግን በፈረንጆች ዓመት ነው የሚሠሩት፣ አዲስ ገንዘባቸው ጥር አካባቢ ይመጣል። ችግኝ ተጭኖ ተራራ መውጣት ያለበት ጊዜ ደግሞ ልክ ወረዳው ሒሳብ የሚዘጋበት ነው። መኪና አለ፣ ነዳጅ የለም ይባላል። ችግኙም ጣቢያው ላይ ያረጃል። ስለዚህ በጀታችሁን ትታችሁ በወቅቱ ተስማሙ፦ ጥርና የካቲት እርከንና ክትር፣ ግንቦትና ሰኔ ጉድጓድ፣ ሐምሌ ተከላ። የሐምሌን ነዳጅና አበል የማን በጀት እንደሚሸፍን ገና በየካቲት በጽሑፍ ይያዝ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ ብዙ ችግኝ ታተርፋላችሁ።

ጉዞው ከታች ወደ ላይ ቢሆንም ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። ሸንተረሩ ራቁቱን ሆኖ ታች ቦረቦር ውስጥ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ብትደረድሩ ጎርፉ በአንድ ክረምት ደለል ይሞላዋል ወይም ገንድሶት ያልፋል። ጠብ የሚነሳውም እዚህ ነው፣ ጋቢዮን የያዘው ድርጅት «በጀቴ ዘንድሮ ያልቃል፣ መጠበቅ አልችልም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አትቆጡት። ዘንድሮ ድንጋይ ያስለቅም፣ ችግኝ ጣቢያ ያጠናክር፣ ወጣቶችን በጋቢዮን ሥራ ያሠልጥን፤ እርከኑ ከላይ ሲያልቅ ቦረቦሩ ውስጥ ይገባሉ።

የውሃውን ጥራት በተመለከተ፣ ናሙና በአንድ ቀን ከሦስት ቦታ ይወሰድ፦ ከኮምቦልቻ በላይ፣ ከኮምቦልቻ በታች፣ ጨፋ መግቢያ ላይ። ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተጽፎ ሁሉም ወደ አንድ ላቦራቶሪ ይሂድ። እያንዳንዱ ለብቻው በተለያየ ቀን ከለካ ክርክር እንጂ ማስረጃ አይገኝም። ፋብሪካዎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጥሯቸው፣ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ጎረቤት። እምቢ ካሉ ግን ሕግ አለ። በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ስብሰባ አሁን ጥሩ። አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ፣ አንዴ ከሚሴ ይሁን፤ ሁልጊዜ ደሴ ከሆነ ታች ያሉት ቀስ በቀስ ይቀራሉ። ቃለ ጉባኤው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። ስምምነቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ለአዋሽ ተፋሰስ መሥሪያ ቤትም ግልባጭ አድርሱ።

የተከለለ መሬት ላይ ከብት እንዳይገባ ስትስማሙ አበጋሮችን አትርሱ። የወሎ ሰው ደም ያስታረቁ ሽማግሌዎች በዱዓ የዘጉትን ነገር በቀላሉ አይጥስም፤ የወረዳ ታፔላ እንዲህ ሲከበር አላየሁም። ግን ከመዝጋታችሁ በፊት ከብቱ የት እንደሚሄድ መልስ ይኑራችሁ። ሣር አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፣ ተራው በቅሬ ይመደብ።

መስከረም ላይ የጸደቀውን ችግኝ ቁጠሩ። የአንዱን ድርጅት ሌላው ይቁጠርለት። የደረቀበትን ጎጥ በዚያው ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ በቀይ አክብቡት፤ ኅዳር ላይ ከጨፋ ተነስታችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።