የኡማይታን ከበባ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንዴት ታሳያላችሁ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታሪክ የምታስተምሩ ወይም የታሪክ ክበብ የምትመሩ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ኡማይታ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ፣ ፓራጓይ የነበረ የወንዝ ዳር ምሽግ ነው። ከበባውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማር ይቻላል። ግን ልጆቹ ጋ አይቀርም። ሜዳ ላይ አውጡት።

ለምን ኡማይታ? አንደኛ ዓመቱ ነው። ምሽጉ የወደቀው በፈረንጆች 1868፣ በእኛ 1860 ዓ.ም. ነው። መቅደላ የወደቀችበት፣ አፄ ቴዎድሮስ ያረፉበት፣ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ ሦስት ዓመት የሆናቸው ጊዜ ማለት ነው። ልጆቹ ይሄን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ያ ሩቅ አገር የሚንጠለጠልበት ነገር ያገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል። ከበባ የሚያልቀው ስንቅ በሚገባባቸው መንገዶች እንደሆነ እንደ ኡማይታ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ብዙ አላውቅም።

ከመውጣታችሁ በፊት የጦርነቱን መነሻ በአጭሩ ንገሯቸው። በፈረንጆች 1864 (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችም በፈረንጆች ናቸው) ብራዚል ኡሩጓይ ውስጥ ጦር አስገባች። የፓራጓዩ መሪ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ ይሄን አልቀበልም ብሎ ብራዚልን ወጋ፣ በ1865 ደግሞ አርጀንቲናን ጨመረ። በግንቦት 1865 ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡሩጓይ ተማምለው አንድ ላይ ተነሱበት። የፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን በፓራጓይ ወንዝ ዳር ናት። ወደዚያ ጦርና ስንቅ ጭኖ ለመውጣት ሁነኛው መንገድ ወንዙ ነው። ኡማይታ የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ወንዝ በር ላይ ነው። በዚህ ላይ አትቆዩ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ዋናው ችግር። የሸዋ ልጅ ምሽግ ሲባል የሚታየው አምባ ነው። ገደል፣ አንድ ጠባብ መውጫ፣ ከላይ ድንጋይ የሚለቅ ሰው። አንኮበርን ያየ፣ በጣርማ በር ቁልቁል የተመለከተ ልጅ ሌላ ነገር እንዲያስብ መጠበቅ አይቻልም። ኡማይታ ግን ሜዳ ነው። ከወንዙ ጥቂት ሜትር ከፍ ያለ ዳርቻ አለ፣ ከኋላው ደግሞ ረግረግ፣ ሐይቅ፣ ሸምበቆ። የሚጠብቀው ከፍታ ሳይሆን ጭቃና ውሃ ነው። ይሄን መጀመሪያ ካላስያዛችኋቸው የቀረው ሁሉ ይጠፋባቸዋል። እኔ የምመክረው ሜዳው ላይ ቆመው "እዚህ ዝርግ ቦታ ላይ 20 ሺህ ሰው እንዴት ታቆማላችሁ?" ብላችሁ እንድትጠይቁና እስኪጨቃጨቁ ድረስ መልሱን እንዳትነግሯቸው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ረጅም ገመድ፣ ጭድ፣ ጠጠር፣ አንድ ጆንያ ባቄላና የተወሰኑ የባሕር ዛፍ ጭራሮዎች ናቸው። መስመር በአመድ ማስመር የሚወድ አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ነፋሱ አያስቆየውም፣ ጠጠር ይሻላል። ጊዜው በጋ ይሁን።

አንድ እርምጃን 100 ሜትር ቁጠሩት። ወንዙን ከሰሜን ወደ ደቡብ አስምሩ፣ መሃሉ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፍ። እጥፋቱ ጋ ስፋቱ ሁለት እርምጃ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ወንዙ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከደቡብ የሚመጣ መርከብ እዚህ ጋ ፍጥነቱን ቀንሶ መዞር አለበት፣ ሲዞር ደግሞ በምሥራቁ ዳርቻ የተደረደሩት መድፎች በሙሉ ያገኙታል። መድፎቹን በጭራሮ አሳዩ። 16 የመድፍ መስኮት የነበረው የግንብ ምሽግ "ሎንድሬስ" ይባል ነበር፤ 16 ጭራሮ አንድ ላይ ሰካኩለት። በወንዙ ላይ ገመድ ወጥሩ፣ መርከብ እንዳያልፍ የተዘረጋው ሰንሰለት እሱ ነው። ከዚያ በየብስ በኩል ሁለቱ ጫፎቹ ወንዙ ላይ የሚያርፉ የጠጠር መስመር ዙሩ፤ ምሽጉን በየብስ በኩል የሚጠብቀው ቦይ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበር 130 እርምጃ ይሆናል። ከመስመሩ ውጭ ጭድ በትኑ፣ ረግረጉ ነው። ሌሎቹን ቦታዎች በልኬት አታስቸግሩ፣ አቅጣጫቸው ይበቃል። ኩሩፓይቲ በደቡብ፣ ታዪ በሰሜን፣ ቻኮ የሚባለው ጠፍ መሬት ከወንዙ ማዶ በምዕራብ።

የክፍሉን ሲሶ ውስጥ አስገቡ። የቀሩት ከበባ ላይ ናቸው። ሦስት ልጆች ደግሞ ባቄላ አመላላሽ ይሁኑ፤ አንዱ በወንዙ ከሰሜን፣ አንዱ በየብስ፣ አንዱ በቻኮ በኩል። በየዙሩ እያንዳንዱ አመላላሽ አንድ አንድ ጭብጥ ያስገባል፣ የውስጦቹ ይካፈላሉ።

የመጀመሪያው ዙር መስከረም 1866 ነው፣ ኩሩፓይቲ ላይ የተደረገው ውጊያ። አጥቂዎቹ ፊት ለፊት ይምጡ፣ ጭድ የረገጠ እዚያው ይቁም። ሁሉም ይቆማሉ። በእውነተኛው ቀን ከአጥቂዎቹ 4,000 ገደማ ሰው ሞተ ወይም ቆሰለ፣ ፓራጓውያኑ ያጡት ግን መቶ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከባቢዎቹ ብዙም አልተንቀሳቀሱም። እዚህ ጋ መምህራን ለመዝለል ይቸኩላሉ። አትዝለሉት። አጥቂዎቹን አስቀምጧቸው፣ ይሰልቹ፤ እስከዚያው በ1867 ኮሌራ ሰፈሩን እንዴት እንደፈጀው፣ ከረግረጉ በላይ ለማየት ብለው ሰው በፊኛ እንዴት እንዳወጡ ንገሯቸው። የከበባ ትልቁ ክፍል መቀመጥ ነው፣ ልጆችም ይሄን በእግራቸው ሊያውቁት ይገባል።

ቀጣዩ ዙር ሐምሌ 1867። የብራዚሉ አዛዥ ካሺያስ ሠራዊቱን ይዞ በምሥራቅ በኩል ዞረ። አጥቂዎቹ ጭዱን ሳይነኩ ዙሪያውን ይሂዱ። የየብሱ አመላላሽ መንገድ ተቆረጠ። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ ታዪን ያዙ፣ ስለዚህ የወንዙ አመላላሽም ይቁም። አሁን በቻኮ በኩል የሚመጣው አንድ ጭብጥ ብቻ ቀረ። ካካፈላችሁ በኋላ ውስጥ ያሉትን "አሁን ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከውጭ ያሉትን አትጠይቁ። መልሱ የሚጣፍጠው ከውስጦቹ ሲመጣ ነው።

ከዚያ የካቲት 19 ቀን 1868 ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1860 ስለሆነ ቀኑን ልጆቹ አይረሱትም። ስድስት ልጆች ጥንድ ጥንድ እጅ ለእጅ ይያያዙ። ሦስቱ ትልልቅ የብራዚል ብረት ለበስ መርከቦች ናቸው፣ ባሮሶ፣ ባይያና ታማንዳሬ። ሦስቱ ደግሞ ከጎናቸው የታሰሩ ትንንሾቹ። ሰንሰለቱን የተሸከሙት ተንሳፋፊዎች በመድፍ ተመትተው ስለሰጠሙ ሰንሰለቱ ወንዙ ግርጌ ወርዷል፣ ውሃውም ሞልቷል፤ ገመዱን መሬት ላይ ልቀቁት። መርከቦቹ በሌሊት፣ በመድፍ ጥይት መሃል በላዩ አለፉ። አላጎአስ የምትባለው ትንሿ ከጥንዷ ተፈትታ ብቻዋን ቀረች፣ ግን እሷም አልፋለች። አንዱን ጥንድ መሃል ላይ አለያዩትና ልጁ ብቻውን ይለፍ፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ያያል።

ልጆቹ ምሽጉ በዚያ ሌሊት የወደቀ ይመስላቸዋል። አልወደቀም፣ እናንተም አቁሙና አስረዱ። ወንዙ ተከፈተ፣ ምሽጉ ግን አምስት ወር ገደማ ቆየ። በመጋቢት ሎፔስ አብዛኛውን ጦር ይዞ በቻኮ በኩል ወጣ፣ ውስጥ የቀረው 3,000 ገደማ ሰው ነው። ስለዚህ ከውስጦቹ አብዛኞቹን አውጡ፣ የቀሩት 130ውን እርምጃ ይጠብቁ። ተራርቀው ሲቆሙ ማየት ብቻ ይበቃል። ሐምሌ 16 አጥቂዎቹ እንደገና ፊት ለፊት መጡ፣ እንደገናም ተመለሱ።

የመጨረሻው ዙር ላይ የቻኮውን አመላላሽ አስቁሙ። ባቄላ የለም። የቀሩት ሐምሌ 24 ሌሊት በታንኳ ወደ ቻኮ ተሻገሩ፤ እዚያም በሐይቅና በረግረግ መሃል ተከበቡ። ነሐሴ 5 ቀን 1868 ኮሎኔል ማርቲኔስ 1,300 ገደማ የተራቡ ሰዎችን ይዞ እጁን ሰጠ። እዚህ ጋ ጭብጨባ አትፍቀዱ። የሰዎቹን ረሃብ ልጆቹ እንደ ጨዋታ ሽንፈት እንዲያዩት አልፈልግም። ጦርነቱ ከዚህም በኋላ እስከ መጋቢት 1870 ቀጥሎ ሎፔስ ሴሮ ኮራ ላይ ተገድሎ ነው ያበቃው፤ ፓራጓይም እጅግ ብዙ ሕዝቧን አጥታለች።

ክፍል ስትመለሱ አንድ ሥራ ስጧቸው። እያንዳንዱ ልጅ ሰፈሩ ያለ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄዶ ድሮ ጦር ሲመጣ ሰው የት ይሸሽ እንደነበር፣ ውሃውንና እህሉን በየት ያስገባ እንደነበር ይጠይቅ። መልሱን ከቦታው ንድፍ ጋር ጽፎ ያምጣ።