ሠርቼ እደፈጥጠዋለሁ

ችግሬ ይሄ ነበር፦ ለጨዋታ ብዬ ምንም ነገር ስጀምር በሁለተኛው ቀን ሥራ ይሆንብኛል። ሥዕል ሞከርኩ፤ ወዲያው ፎቶ አንስቶ መለጠፍ መጣ። ስንት ሰው ወደደው ስል እርሳሱን ረሳሁት።

በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዓይኔን ገለጠልኝ። መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ የተሠራ ነው። ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የሳሉት፣ በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ አነሰ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ምንም አልሆኑም። ለካ ጨዋታዬን የገደልኩት ራሴ ነኝ።

ስለዚህ ወደ ሸክላ ጭቃ ዞርኩ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሲያልቅ ይደፈጠጣል። መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ፤ የሠራኋት ላም (እውነቱን ለመናገር ውሻ ነው የምትመስለው) አሳዘነችኝ። ጨከንኩ። በማግስቱ አማረ አላማረ የሚለው ሐሳብ ጠፋ። ቀንድ ብቻ ስጠቀልል ቆይቼ ቀና ስል መሽቷል!

ጭቃው እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ማሰር ነው። አንድ ቀን ረስቼው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰባብሬ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ተመለሰ።