ጣርማ በርን የምታቋርጡ ከሆነ

በደሴ መስመር ለሽርሽር የምታስቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች አጣሩ። ከዚያ ወሩን ምረጡ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ለእኔ አቻ የለውም፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ተራራው ግን ገና አረንጓዴ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁርስ እዚያ ብሉ፣ ነዳጅም ሙሉ፤ ግን ብዙ አትቀመጡ። ከደብረ ብርሃን ቀጥሎ የምታገኙት የተራራ መተላለፊያ፣ ጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ድንገት ጉም ይሆናል። ጉም ከያዛችሁ ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁን ነው የሚወጋው። አጭሩን አብርታችሁ ቀስ በሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥም እንደዚያው፤ መቅደም የሚባል ነገር እርሱት።

ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለውን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ሁለተኛ ካስፈለገም አንደኛ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይላላል። ያ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ የጋለ ጎማ ላይ ግን ውሃ እንዳትደፉ።

ጋቢ ያዙ፣ ከውስጥ ስስ ልብስ ልበሱ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ደብረ ሲና ላይ ፍሬኑ እስኪበርድ ወርዳችሁ ቆሎ ግዙ።